ላነሳቸው የምመኛቸው ፎቶዎችና «ማን ፈቀደልሽ?»

የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቅዳሜና እሁዴ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ባሉ አዳራሾች ውስጥ ያልቃል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ታዲያ በየሠርጉ ካሜራዬን አስቀምጬ እህል ልቀምስ ስል ከሚዜዎቹ ወይም ከሙሽራዋ እህቶች አንዷ አጠገቤ ትቀመጥና «ገንዘብም ጊዜም ቢኖርሽ የት ሄደሽ ነው ፎቶ ማንሳት የምትመኚው?» ትለኛለች። መልሱን ራሳቸው ገምተው ነው የሚጠይቁት፤ ሳንቶሪኒ፣ ፓሪስ፣ አይስላንድ፣ ወይ ዱባይ በረሃ ላይ ቬሎው በነፋስ ሲውለበለብ። እኔ «መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ» ስላቸው ይስቃሉ።

የምሬን ነው። የምመኛቸው ፎቶዎች ዝርዝር ስልኬ ላይ ተጽፎ አለ፤ በየጊዜው ቢጨመርበት እንጂ ተቀንሶለት አያውቅም። ውስጡ የባሕር ዳርቻ የለም፣ ታዋቂ ሰው የለም። ያለው የአገሬ ሰው ነው፤ ሥራው ላይ እንዳለ፣ እጁ እንደቆሸሸ፣ ማን አየኝ ማን አላየኝ ሳይል። ባለፈው ክረምት አገር ቤት የሄድኩት ከዝርዝሩ ጥቂቱን እንኳ ላቃልል ብዬ ነበር። የተመለስኩት ተናድጄ ነው። ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም።

ከሁሉ በፊት የሠርግ ጓዳ። አገር ቤት ሠርግ ሲደገስ ካሜራው ሁሉ የሚተከለው ሙሽሮቹ ፊት ነው። ከዳሱ ጀርባ ግን ሌላ ድግስ አለ። ከዕድር የመጡት ትልልቅ ብረት ድስቶች ተጥደዋል፤ በማዳበሪያ የመጣው ሽንኩርት ተዘርግፎ እናቶች ዙሪያውን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይልጣሉ፤ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ይሳሳቃሉ፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ ትድራለች፣ አንዷ የዕድሩን ጸሐፊ ታማለች። ወጥ ሠሪዋ ማማሰያውን ታወጣና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ያኔ ሁሉም እጃቸውን ገታ አድርገው ፊቷን ያያሉ። እሷ ግን ወዲያው አትናገርም፤ ደግማ ትቀምሳለች። እኔ የምፈልገው ያንን ፊት ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ያለ ፍላሽ፣ በሸራው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ከጭሱ ጋር ሲገናኝ። ሴት በመሆኔ ጓዳ ብገባ «ምን ልትሠሪ መጣሽ» የሚለኝ የለም፤ ቢበዛ ቢላዋ ሰጥተው ሽንኩርት ያስልጡኛል። ወንድ ፎቶ አንሺ ቢገባ ግን በማማሰያ ነው የሚያባርሩት። አንድ ድግስ ከሽንኩርቱ ልጣጭ እስከ ዕቃ አጠባው ድረስ ተከትሎ ማንሳት ምን ያህል እንደምመኝ ልነግራችሁ አልችልም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ አሁን ልጆቻቸውን የሚድሩት ሆቴል ውስጥ ነው።

እዚህማ ጓዳ የሚባል ነገር የለም። ምግቡ በአሉሚኒየም ትሪ ተሸፍኖ በቫን ይመጣል፤ ከሥሩ ትንሽ እሳት ይለኮስለታል፤ በቃ። ብዙዎቹ አዳራሾች እኔንም የሚያስገቡኝ በወረቀት ነው፤ የኢንሹራንስ ማስረጃ ያላመጣ ፎቶ አንሺ በሩን አያልፍም። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ያበሽቀኝ ነበር። አሁን ግን አክብሬዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚፈለግብኝ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረኛል፣ አመጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አዲስ አበባ እንዴት እየተለወጠች እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ በኛ አቆጣጠር በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲከተል ሁላችሁም በየስልካችሁ አይታችኋል። መፍረስ ነበረበት አልነበረበትም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው። እኔ ከመፍረሱ በፊት ማንሳት ነው የምፈልገው። ዝርዝሬ ውስጥ «የአዲስ አበባ የእንጨት በረንዳዎች» የሚል አለ፤ እነዚያ ጠርዛቸው በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ፣ ደረጃቸው ሲረግጡት የሚያቃስት፣ ቆርቆሮ ጣሪያቸው የዛገ አሮጌ ቤቶች። የእናቴ አክስት ተከራይታ ያረጀችበት ቤት እንዲህ ያለ ነው። አጥሩ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎበት ስላየሁ በማግስቱ በጧት፣ ፀሐዩ ሳይከር ሄድኩ።

ጥቂት እንዳነሳሁ ከማዶ ካለው ሕንጻ አንድ ጥበቃ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«እህቴ፣ ማን ፈቀደልሽ?»

«ይሄን ቤት ነው የማነሳው። ዘመዴ የኖረችበት ቤት ነው።»

«ፈቃድ ይዘሻል ወይ?»

«ፈቃዱ ከየት ነው የሚወጣው? ንገረኝና ሄጄ ላውጣ።»

«እሱን እኔ አላውቅም። ግን ያለፈቃድ አይቻልም። አጥፊው።»

ካሜራውን እንዳይቀማኝ ፈርቼ አጠፋሁ። አንድ በአንድ፣ እሱ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ እያየ። በረንዳው፤ አጥፊ። መስኮቱ፤ አጥፊ። የሰው መዳፍ ስንት ዘመን ያለሰለሰው የደረጃው መደገፊያ፤ አጥፊ። በዚያው ሰዓት ሁለት ወጣቶች እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው በስልካቸው ቪዲዮ ይሠሩ ነበር። ማንም ምንም አላላቸውም። እንግዲህ የተከለከለው ቤቱን መቅረጽ አልነበረም። የተከለከለው ካሜራ ነው፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ሌንሱ ረዘም ያለው። እሱን የያዘ ፈረንጅ ከሆነ ቱሪስት ነው፣ ሐበሻ ከሆነ ግን አንድ ነገር ሊሠራ የመጣ ነው።

ጥበቃውን አልወቅስም። አለቃው «ምን ስትጠብቅ ነው የተነሳው?» ቢለው የሚመልሰው የለውም፤ ስለዚህ ከልክሎ ማደር ይሻለዋል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ፈቃዱ የት እንደሚወጣ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ኋላ የጠየቅኋቸው ዘመዶቼም አያውቁም፤ ክልከላውን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

አሜሪካ ክልከላ የለም እያልኩ አይደለም። የድሮን ፈቃድ አለኝ፤ ተፈትኜ ነው ያገኘሁት። ሆኖም ከዋሽንግተኑ ሬገን አየር ማረፊያ በ15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው፤ የኔ ቤት ደግሞ ከክልሉ ውስጥ ነው። ሙሽሮች ሲጠይቁኝ ካርታውን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ፤ ይህ መስመር ነው፣ ከዚህ ውጭ እንሂድ። መስመሩ ይታያል። ለሁሉም አንድ ነው። ለዚህ ነው የማያናድደኝ።

ጥበቃ ሰው ያለአግባብ ሲከለክል የሚሆነውን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ አንድ ሰው የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሲቀርጽ ተያዘ። ከሰሰ። በ2010 በስምምነት ሲያልቅ የፌዴራል ሕንጻዎችን የሚጠብቀው ኃይል ለራሱ ሰዎች የጽሑፍ መመሪያ እንዲያወጣ ተደረገ፤ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ የሕንጻውን ውጭ ማንሳት መብት ነው የሚል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ብሔራዊ ፓርኮችን የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ ከስድስት ሰው ያነሰ ቡድን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ፣ ሌላውን ጎብኚ ሳያውክ ካነሳ፣ የሚከፈልበት ሥራ እንኳ ቢሆን ፈቃድም ክፍያም አይጠየቅም። ሰው የተጉላላበትን ነገር አይተው ጻፉት፣ አስተካከሉት። በኛ ጥበቃ ኪስ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖር ያን ዕለት እሱም ከኔ ጋር ባልተጨቃጨቀ፣ የእናቴ አክስት በረንዳም ዛሬ በእጄ በነበረ።

ከተማ መፍረሱ የኛ ብቻ አይደለም። እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሳውዝዌስት የሚባለው ሰፈር በ1950ዎቹ ከሞላ ጎደል ተጠርጎ ነው እንደ አዲስ የተሠራው፤ በሺህ የሚቆጠር፣ አብዛኛው ጥቁር የሆነ ነዋሪ ተነቅሏል። ግፍ ነበር፤ ዛሬ እነሱም ይሉታል። ነገር ግን ከ1933 ጀምሮ ታሪካዊ ሕንጻዎችን የሚመዘግብ የመንግሥት ፕሮግራም አላቸው። በዚያ በችጋሩ ዘመን ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ቀጥረው ነው የጀመሩት። ቤቱ ይለካል፣ ይነደፋል፣ በትልቅ ፊልም ፎቶ ይነሳል፣ መዝገቡ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ሁሉም ቤት አይደርሰውም፤ የደረሰው ግን ቢፈርስ እንኳ የደረጃው ስፋት፣ የመስኮቱ ቅርጽ ይታወቃል። እኔ አገር ቤት የምመኘው ይህንኑ ነው። አፍራሹ ከመምጣቱ በፊት አንድ ቀን ብቻ ለፎቶ አንሺ ቢሰጥ። አንድ ቀን! የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ሜትር ይዘው ይግቡ፣ እኛ ካሜራ ይዘን እንግባ፣ ነዋሪዎቹ በራቸው ላይ ቆመው ይነሱ፤ ከዚያ የሚሆነው ይሁን።

ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን ካነሳሁ አይቀር፣ ከ1935 እስከ 1944 የመንግሥት ፎቶ አንሺዎች ተራውን ሰው እየዞሩ ያነሱት 175 ሺህ ያህል የጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ እዚያ አለ። ገበሬውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ስደተኛውን። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በነጻ ማውረድ ይችላል። ከነሱ መካከል ጎርደን ፓርክስ በ1942 ያነሳት ኤላ ዋትሰን አለች፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምታጸዳ ጥቁር ሴት፣ ከባንዲራው ፊት መጥረጊያና መወልወያዋን ይዛ ቆማ። ፓርክስ በዚያች በአንዷ ፎቶ አላበቃም፤ ቤቷ ሄደ፣ የምታሳድጋቸውን ልጆች አነሳ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ ተከተላት። ያን ተከታታይ ሥራ ባየሁ ቁጥር ሌሊት ሌሊት ዳውንታውን ቢሮ የሚያጸዱት የኛ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መጥረጊያው እጅ ቀየረ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ስለዚህ ዝርዝሬ ውስጥ ከዚህ ከአሜሪካም አንድ አለ፤ የፓርኪንግ ሰዎች። የዲሲን ፓርኪንግ ለረጅም ዘመን የያዘው ሐበሻ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ያቺ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚኖረው ሕይወት ግን ፎቶ ላይ የለም። አንድ የማውቃቸው አባት አሉ፤ አገር ቤት መምህር ነበሩ። ሳጥናቸው ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ፣ የሻይ ፔርሙስ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈች የኪዳነ ምሕረት ሥዕል፣ ከገንዘብ መቀበያው ሥር ገጹ የታጠፈ መጽሐፍ አለ። ላንሳዎት ብዬ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ አገር ቤት ያሉት እኔን ቢሮ የምሠራ ነው የሚመስላቸው። ይቅርብኝ» አሉ። ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቅር አላለኝም። ፊታቸው የራሳቸው ነው፤ ፈቃዱም ከማን እንደሚገኝ አውቃለሁ፣ ጠየቅሁ፣ ተከለከልኩ። እንዲህ ያለውን ክልከላ በደስታ እቀበላለሁ። አሁን ሳጥኖቹ በማሽን እየተተኩ ነውና ሐሳባቸውን ከቀየሩ ብዬ አልፎ አልፎ ቡና ይዤላቸው እሄዳለሁ።

ስለ ሰው ፊት ካነሳሁ፣ ከዝርዝሬ ውስጥ ሆነ ብዬ ያላስገባሁትም አለ። ኦሞ ሸለቆ። አንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር እየተባለ፣ ቱሪስት ከመኪና ወርዶ የሙርሲ ሴቶችን አሰልፎ አንስቶ የሚመለስበት መንገድ አይጥመኝም። እዚያ ለመሄድ ቋንቋ ማወቅ፣ ወራት መቀመጥ፣ ስም ለስም መተዋወቅ ያስፈልጋል። እኔ ያን አላደረግሁም፤ ስለዚህ አልሄድም። ይልቅ ከዚያው የሚወለዱ ልጆች ካሜራ ይዘው ቢያሳዩን እመርጣለሁ።

የሳሎን ግድግዳ ደግሞ ልቤን የሚበላኝ ነው። የኛ ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ ምን እንደሚሰቀል ታውቃላችሁ፤ ጋዋን የለበሰችው ተመራቂ፣ ከጉርድ ፎቶ እንዲተልቅ ተደርጎ በቀለም የተነካካው አባት፣ የሠርጉ፣ ከዘመቻ ያልተመለሰው ወንድም። እነዚህን ግድግዳዎች ከነሶፋው፣ ከነዳንቴሉ፣ ከነቴሌቪዥኑ በትልቅ ካሜራ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም። አንድ ቤተሰብ ሁለት አገር ሲኖር ያው አባት ሁለቱም ግድግዳ ላይ አለ፤ እዚያ ዋናው፣ እዚህ ኮፒው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናያቸው ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ደንበኞቼን ላማ። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አስረክባችኋለሁ፤ «ፍላሽ ላይ አድርጊልን» ትላላችሁ፤ ፍላሹ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ አንድም አታሳጥቡም። እናቶቻችሁ ፎቶ ቤት ሄደው ሦስት ኮፒ አሳጥበው፣ ከጀርባው «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ብለው ጽፈው ለጓደኛ ይሰጡ ነበር፤ ቀኑም የፎቶ ቤቱም ማኅተም አለበት። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የምናውቀው ብዙው ነገር ከነዚያ ጀርባዎች የተነበበ ነው። እባካችሁ አሳጥቡ። ከጀርባው ስም ጻፉበት።

የፎቶ ቤቶቹ ነገር ራሱ ያሳዝነኛል። ጴጥሮስ ቦያጂያን የሚባሉት አርመናዊ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ያንኑ ሙያ ይዘው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደርሰዋል። ከነሱ በኋላ የመጡት የፒያሳና የየክፍለ አገሩ ፎቶ ቤቶች ግን ያነሱት ንጉሥ አይደለም፤ እኛን ነው። ያ ሁሉ ነጋቲቭ የት ገባ? ባለፎቶ ቤቱ ሲሞት፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ ልጆቹ ሲሰደዱ፣ ካርቶኑ ከዕቃ ጋር ይወጣል፤ ከዚያ ቆራሌው ያውቃል። ከንጉሡ ዘመን እስከ ደርግ በቤተ መንግሥት ያነሱት ሽመልስ ደስታ ነጋቲቮቻቸውን በጥንቃቄ ባያኖሩ ኖሮ ያ ዘመን ዛሬ በዚያ መልክ አይታየንም ነበር፤ ሥራቸው የውጭ ተመልካች ያገኘው ግን ለንደን ከተሰደዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ዝርዝሬ ውስጥ ገና ያልተዘጉ አሮጌ ፎቶ ቤቶች አሉ፤ ከነተሳለው መጋረጃቸው፣ ከነፕላስቲክ አበባቸው፣ ባለቤቱ በራሱ መጋረጃ ፊት ተቀምጦ። አንድ ጊዜ እንኳ እሱም ይነሳ።

ምናለሽ ተራ ለምን እንደሆነ ደግሞ ገብቷችኋል። ከሰፈራችን ቆራሌው ይዞት የሚሄደው ሁሉ የሚደርሰው እዚያ ነው። በርሜሉ ተቀዶ፣ ተደብድቦ ምድጃ ይሆናል፤ ጎማው ተሰንጥቆ ጫማና ገመድ ይሆናል። አንድ ሰውዬ ብቻ ብመርጥ፣ አንድ በርሜል ብቻ ብከተል፣ ከገባበት ሰዓት እስከ ተሸጠበት ሰዓት፤ ያ ለኔ ከሳንቶሪኒ ይበልጥብኛል። ጫጫታውን ግን ፎቶ ይዞት አይወጣም፤ ድምፅም እቀዳለሁ። ለሐረርም እንደዚሁ፤ ጅቡን ተዉት፣ ዓለም አንስቶታል። እኔ የምፈልገው በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ የስፌት መኪኖቹ ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩበትን፣ ቀለም የተቀባው ግድግዳ፣ የጨርቁ ቀለም፣ የሰፊው እግር ፔዳሉ ላይ።

ጎንደር፣ ጥምቀት። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ ወደ ውኃው ሲዘሉ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ያሉትን ቀናት ነው የምመኘው፤ ባዶው የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲጠረግ፣ የዋርካው ሥር በተጠመጠመበት ግንብ ሥር ሠራተኞቹ ባልዲ ይዘው ሲወርዱ፣ የቀሃ ወንዝ ውኃ ቀስ እያለ ሲገባ። ላሊበላ በገና፤ የቤዛ ኩሉውን ዝማሬ ሳይሆን ከሩቅ በእግሩ የመጣው ምእመን እግር በከተማው ሰዎች ሲታጠብ። ዳሎል ደግሞ ግመሎቹ በመኪና እየተተኩ ነውና አሞሌ ጨው የሚጠርቡት ሰዎች እጅ ብቻ ይበቃኛል፤ እሱም ሰላም ሲሆን።

እኔ ለጥቂት ሳምንት ሄጄ ተበሳጭቼ ስመለስ፣ እዚያው ሆነው በየቀኑ «ማን ፈቀደልህ?» እየተባሉ የሚሠሩትን ሳስብ ግን አፌን እይዛለሁ። ሙሉጌታ አየነ እ.ኤ.አ. በ2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ 302 አደጋ ቦታ ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አሸንፈዋል፤ ሐዘንተኛዋ ሴት አፈር ፊቷ ላይ ስትበትን ያየ ሰው አይረሳትም። ያን ሐዘን እንዲያ ቀርቦ፣ እንዲያ አክብሮ ሊያነሳው የሚችለው የኛው ሰው ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ሥራቸውን አዲስ አበባ ላይ እንዲያሳዩ ለብዙ ወጣቶች በር ከፍቷል። ችሎታው አለ። የጎደለው መንገድ ላይ ቆሞ ማንሳት የሚያስችል ዋስትና ነው።

አሁን በጥር ልሄድ ነው። ዝርዝሩን በአዲስ መልክ ደርድሬዋለሁ፤ ቶሎ የሚያልፈው ይቅደም ብዬ። ጥምቀት በየዓመቱ ይመጣል፣ ይጠብቀኛል። ስለዚህ አንደኛ ያደረግሁት ድሬዳዋን ነው። ባቡሩ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ከተማዋ ራሷ የተወለደችው በባቡሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኤሌክትሪኩ አዲሱ መስመር ተመረቀ፤ የድሮው የምድር ባቡር ጥገና ቤት ግን ከነአሮጌ ማሽኖቹ አለ። አጎቴ ጡረታ እስኪወጣ እዚያ ቶርኖ በሚባለው ብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ሠርቷል። መሣሪያውን ሁሉ የሚጠራው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ልጅ ሆነን ከሥራ ሲመጣ የብረት ፍቅፋቂ ከሱሪው እጥፋት ውስጥ እናራግፍለት ነበር፤ እንደ ጸጉር የተጠቀለለ፣ ሰማያዊ የሚመታ። ከሱ ጋር የሠሩት አሁን አርጅተዋል። እያንዳንዳቸውን ከሠሩበት ማሽን አጠገብ፣ ቱታቸውን ለብሰው፣ በፊልም ማንሳት ነው የምፈልገው፤ ሁለት ሁለት ኮፒ አሳጥቤ አንዱን ለነሱ፣ ከጀርባው «ለማስታወሻ ይሁንዎ» ብዬ።

የአጎቴ ልጅ ሽማግሌዎቹን እየዞረ አነጋግሮልኛል። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸዋል፤ አንደኛው ቱታውን አሳጥቦ እየጠበቀኝ ነው ብሎኛል። አንድ የሚያውቀው ሰው ግን ካሜራ ይዛ ከመግባቷ በፊት ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ብትይዝ ይሻላል ብሎ መክሮታል። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ትኬቴን ቆርጫለሁ።